የተነቀለ ቋንጃ በኦፕሬሽን ከተጠገነ በኋላ የሚሠራ የማገገሚያ እንቅስቃሴ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የኋላ ጭን ጡንቻቸው ከመቀመጫ አጥንት ተነቅሎ በኦፕሬሽን ለተሰፋላቸው፣ ጎንደርና አካባቢዋ ላይ ሆነው ለሚያገግሙ ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው የተዘጋጀ ነው። የተጻፉት ሳምንታት የተለመዱት ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ የጻፈልዎ ከዚህ የተለየ ከሆነ የሐኪሙን ይከተሉ፤ ሥጋውን ከፍቶ ያየው እሱ ነው።

ለመሆኑ የተሰፋልኝ ምንድን ነው?

ቋንጃ ሲባል ብዙ ሰው ከጉልበት በስተኋላ ግራና ቀኝ እንደ ገመድ የሚዳሰሰውን ያስባል። እሱ የታችኛው ጫፍ ነው። ጡንቻዎቹ ሦስት ናቸው። ስንቀመጥ ወንበር የሚነካው አጥንት ላይ በጅማት ተጣብቀው ይነሣሉ፣ ጭንን በኋላ በኩል ይወርዱና ከጉልበት በታች ይያያዛሉ። ስለዚህ ዳሌንም ጉልበትንም ያዛሉ፤ ጉልበትን ያጥፋሉ፣ ዳሌን ወደ ኋላ ይገፋሉ፣ ስንሮጥ ደግሞ ወደ ፊት የተወረወረውን እግር እንደ ፍሬን ይይዛሉ።

ጡንቻው መሃሉ ላይ ሲቀደድ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኦፕሬሽን ይድናል። ኦፕሬሽን የሚያስፈልገው በተለይ የላይኛው ጫፍ ከአጥንቱ ሲነቀል ነው፤ ሦስቱም ጅማቶች ሲነቀሉ፣ ወይም ሁለቱ ተነቅለው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ታች ሲሸሹ። ሐኪሙ ጅማቱን ወደ ቦታው ይመልስና አጥንቱ ውስጥ በሚቀበሩ፣ አንከር በሚባሉ ትንንሽ ማሰሪያዎች በክር ያስረዋል።

አደጋው የሚደርሰው ዳሌ ታጥፎ ጉልበት ተዘርግቶ ሳለ እግር በድንገት ሲለጠጥ ነው፦ ክረምት ላይ ጭቃ አንሸራትቶ አንዱን እግር ወደ ፊት ሲወስደው፣ ወይም ሊያመልጥ ያለ ኳስ ላይ ለመድረስ እግር ሲወረወር። ይህን አቀማመጥ ይያዙት፦ ዳሌ የታጠፈ፣ ጉልበት የተዘረጋ። ያኔ የነቀለው እሱ ነው፣ ዛሬ ስፌቱን የሚበጥሰውም እሱ ነው። ከዚህ በታች የሚያነቧቸው ክልከላዎች አብዛኞቹ ከእሱ የመጡ ናቸው።

ሕመሙ ለቆኛል፤ ታዲያ ለምን እስካሁን ክራንች?

ሕመም ብዙ ጊዜ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት ይቀላል። ጅማቱ ግን ያኔ ገና አጥንቱን አልያዘም፤ የያዘው ክሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት የክር ጊዜ ናቸው። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር መዋሐድ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላም ጥንካሬው ለወራት ይጨምራል። ተመልሶ የሚበጠስበት ዋናው ጊዜም ይኸው ሕመም የሌለበት፣ ግን ጅማቱ ያልያዘበት መሃል ነው። ስፌት የሚበጠሰው እንቅስቃሴ ሲሠራ ብቻ አይደለም። ሽንት ቤት፣ ደረጃ ላይ፣ ወይም የወደቀ ነገር ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉም ሊበጠስ ይችላል።

ሳምንት በሳምንት ምን ልሥራ?

*እስከ 2ኛው ሳምንት።* ሥራዎ ሁለት ነው፤ ቁስሉ እንዲደርቅ ማድረግና ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ መጠበቅ። ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች 20 ጊዜ ያንቀሳቅሱ። በጀርባዎ ተኝተው የጉልበትዎን ሎሚ ወደ ጭንዎ እንደሚስቡ አድርገው የፊት ጭንዎን ለ5 ሴኮንድ ያጥብቁ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ሲያጠብቁ ተረከዝዎ ፍራሹን እንዳይጫን ይጠንቀቁ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሎሚው ሲሳብ የፊት ጭን ይሠራል፣ ተረከዝ ሲጫን የተሰፋው ይጎተታል። ብሬስ (እግር እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ ማሰሪያ) ከተሰጠዎት ሐኪሙ ካልፈቀደ በእንቅልፍም አያውልቁት።

ሲቆሙ የተሠራው እግር መሬት ይነካል እንጂ ሰውነት አይሸከምም። «መንካት» ስንት እንደሆነ በቃል ማስረዳት ስለማይቻል በሚዛን ይለማመዱት። በሁለት ክራንች ቆመው የተሠራውን እግር የሰው ሚዛን ላይ ያሳርፉና መርፌው 10 ኪሎ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሰማዎ ይያዙ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

*ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት።* ክብደቱ በየሳምንቱ በሐኪሙ ፈቃድ ይጨምራል። በሆድዎ ይተኙ፤ አስታማሚው ቁርጭምጭሚትዎን ይዞ ጉልበትዎን ቀስ ብሎ እስከ 90 ዲግሪ ያጥፈው፣ ቀስ ብሎም ይመልሰው። እርስዎ እንደ ተኛ ሰው እግሩን ይልቀቁ። 10 ጊዜ፣ በቀን 2 ዙር። ራስዎ ጉልበትዎን ማጠፍ ግን እስከ 6ኛው ሳምንት ክልክል ነው፤ የሚያጥፈው ያው የተሰፋው ጡንቻ ስለሆነ። መቀመጫዎን ለ5 ሴኮንድ በቀስታ ማጥበቅ፣ በደህናው ጎን ተኝተው የተሠራውን እግር ወደ ላይ ማንሣት (10 ጊዜ፣ 2 ዙር) ይጀመራል።

*ከ7ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት።* ክራንች የሚጣልበትና ጡንቻው መሥራት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ አንዱን ክራንች ይጥላሉ። የሚቀረው በየትኛው እጅ ይያዝ? ከተሠራው እግር በተቃራኒው። ብዙ ሰው በታመመው ጎን ይይዘውና ወደዚያው እያዘነበለ ይሄዳል። ሁለተኛው የሚጣለው ሳያነክሱ መሄድ ሲችሉ ነው፤ በሳምንት ብዛት አይደለም።

ግድግዳ ይዘው ቆመው ተረከዝዎን ወደ መቀመጫዎ ያንሡ፤ ያለ ክብደት፣ 10 ጊዜ፣ 2 ዙር። ከዚያ ዋናው ይመጣል፤ ድልድይ። በጀርባዎ ይተኙ፣ ጉልበትዎን አጥፈው ተረከዝዎን ከመቀመጫዎ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቁ፣ ተረከዙን ተጭነው ወገብዎን ያንሡ፣ 5 ሴኮንድ ይቆዩ፣ በ3 ሴኮንድ ይውረዱ። 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ሚስጥሩ ርቀቱ ላይ ነው፤ ተረከዝ ሲቀርብ መቀመጫ ይሠራል፣ ሲርቅ ሸክሙ ወደ ቋንጃ ይዞራል። በየሳምንቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። የኋላ ጭን ቁርጥማት ከያዘዎ ቶሎ አርቀዋል ማለት ነው፤ ይመልሱት። የሚደክመው ወገብ ከሆነ ደግሞ ከሚገባው በላይ ከፍ ብለዋል። ትከሻ፣ ዳሌና ጉልበት አንድ መስመር ሲሆኑ ይቁሙ።

ግማሽ ቁጢጥ (ጉልበት እስከ 45 ዲግሪ)፣ ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ፣ በአንድ እግር 30 ሴኮንድ መቆምም እዚህ ይገባሉ።

*ከ13ኛው ሳምንት እስከ 6ኛው ወር።* አሁን ጡንቻው ሸክም ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሰንፈውም እዚህ ነው፣ ቤት ውስጥ መራመድ ስለቻለ የዳነ ይመስለዋል። ድልድዩን በአንድ እግር ይሥሩ። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል ካለዎት ተረከዝዎ ስር ጨርቅ ያድርጉ፣ ድልድይ ሠርተው ሁለቱንም ተረከዞች በ5 ሴኮንድ ወደ ፊት ያንሸራትቱ፣ መቀመጫዎን ያሳርፉ፣ እግርዎን ሰብስበው እንደገና ይነሡ። 6 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። ጡንቻው እየረዘመ ሸክም የሚይዝበት እንቅስቃሴ ነው፤ ሩጫ የሚጠይቀውም ይኸንኑ ነው።

ከ14ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ከዳሌ ጎንበስ ማለት ይጀመራል። 5 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በሁለት እጅ ይያዙ፣ ጉልበትዎን በጥቂቱ አጥፈው ይቆልፉት፣ ጀርባዎን ሳያጎብጡ መቀመጫዎን ወደ ኋላ ይግፉ። ጀሪካኑ ጉልበትዎ ጋ ሲደርስ ይመለሱ። 8 ጊዜ፣ 3 ዙር። በሁለት ሳምንት አንዴ 2 ሊትር ይጨምሩ።

መለጠጫ ጎማና ክብደት ከየት አመጣለሁ?

ውኃ ሚዛን ነው። 1 ሊትር ሃይላንድ ሲሞላ 1 ኪሎ፣ 5 ሊትር ጀሪካን 5 ኪሎ ይመዝናል። ለመለጠጫ ከብስክሌት ጠጋኝ የተጣለ የውስጥ ጎማ ይበቃል፤ ቫልቩን ቆርጠው ያውጡት፣ አለበለዚያ ሲለጠጥ ከዚያው ይቀደድና ፊት ይመታል። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደት ካስፈለገ አሸዋ የተሞላ ካልሲ በቂ ነው።

ስንት ሕመም «ይበቃል» ነው?

ከ0 እስከ 10 ቢቆጥሩት፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ እስከ 3 የሚደርስ ይፈቀዳል፤ በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ጠዋት ከትናንቱ ከባሰ ያንን እንቅስቃሴ አይተዉት፣ ድግግሞሹን በግማሽ ይቀንሱ። መሃል ጭን ላይ የድካም ሕመም ተፈጥሯዊ ነው። መቀመጫ አጥንቱ ላይ ጣት የሚያሳርፉበት፣ እንደ መውጋት የሚያደርግ ሕመም ግን ስፌቱ የሚናገርበት ነው፤ ለዚያ ቀን ያቁሙ።

ሽንት ቤታችን መሬት ነው። ቁጢጥ ማለት አይቻልም?

ቢያንስ እስከ 12ኛው ሳምንት አይቻልም። ችግሩ ቁጢጥ ማለቱ ብቻ ሳይሆን መነሣቱ ነው፤ ሰው ሲነሣ ጉልበቱ ቀድሞ ይዘረጋል፣ ዳሌው ታጥፎ ይቀራል። ያው የተከለከለው አቀማመጥ፣ የሰውነት ክብደት ተጨምሮበት።

መቀመጫው መሃሉ ላይ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ያድርጉ። ከፍታው ከ45 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፤ ካነሰ ከእያንዳንዱ እግሩ ስር እኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሲሚንቶ ጋር ያያይዙ። እርጥብ የሲሚንቶ ወለል ላይ የፕላስቲክ ወንበር ስለሚንሸራተት የእግሮቹን ጫፎች በውስጥ ጎማ ቁራጭ ይሸፍኑ። ግድግዳ ላይ የሚያዝ ብረት ወይም እንጨት ያስመቱ። ሲቀመጡ የተሠራውን እግር ወደ ፊት እንዲዘረጉ የሚመክርዎ ይኖራል። ያ ምክር የዳሌ መገጣጠሚያ ለተቀየረለት ሰው ነው። ለእርስዎ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ጀርባ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ነው።

ድርቀትም ቀላል አይደለም። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፣ ማማጥ ደግሞ የቁስሉን አካባቢ ይወጥረዋል። ውኃ በብዛት፣ ተልባ ጠዋትና ማታ።

መቀመጥስ?

ስፌቱ ያለው በትክክል የሚቀመጡበት አጥንት ላይ ነው፤ ስለዚህ መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ይከብዳል። እስከ 6ኛው ሳምንት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በላይ በአንድ ጊዜ አይቀመጡ። ጋቢ አራት እጥፍ አጥፈው ወንበሩ ላይ ከፊት በኩል ያድርጉና ጭንዎ በእሱ ላይ ሲያርፍ የተሠራው ጎን መቀመጫ አጥንት ከጋቢው ወደ ኋላ ወርዶ አየር ላይ እንዲንጠለጠል ያድርጉት። በርጩማና ዱካ ለ3 ወር ይቅርብዎ። ቡና ላይ ሲጠሩ ከፍ ያለ ወንበር ይጠይቁ፤ እንግዳ ተቀባዩም አይከፋም። መሬት ላይ እግር ዘርግቶ መቀመጥ ከሁሉም የከፋው ነው።

ሱሪ ሲለብሱ የተሠራው እግር መጀመሪያ ይግባ፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይውጣ። ጫማ ማሰር የአስታማሚ ሥራ ነው።

ክራንች ይዤ የጎንደርን ዳገትና ኮብልስቶን እንዴት ልወጣ?

መጀመሪያ ክራንቹ ልክዎ ይሁን። የላይኛው ጫፍ ከብብትዎ 2 ወይም 3 ጣት ዝቅ ይበል፤ መያዣው እጅዎ ሲንጠለጠል አንጓዎ ጋ ይሁን። ክብደት የሚያርፈው መዳፍ ላይ ነው። ብብት ላይ የተንጠለጠለ ሰው በጥቂት ሳምንት እጁ መደንዘዝ ይጀምራል።

ደረጃና ዳገት ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ክራንቹና የተሠራው ይከተሉ። ሲወርዱ ክራንቹና የተሠራው ይቅደሙ። ኮብልስቶን ላይ የክራንቹን ጫፍ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ሳይሆን በድንጋዩ ገጽ መሃል ያሳርፉ። የጎማ ጫፉ ተሸርፎ ብረቱ ከታየ በዚያኑ ቀን ይቀይሩት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በዝናብ ለሚሄድ ሰው ይህ ከመድኃኒት አያንስም። መቋሚያ ክራንችን አይተካም፤ ለመደገፍ እንጂ ክብደት ለመሸከም አልተሠራም።

ባጃጅ ጠባብና ዝቅ ያለ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ይንጣል። ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት የሚመረጠው የመኪና ጋቢና ነው፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ መደገፊያው ጋደል ብሎ። ጀርባዎን ሰጥተው መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግሮች ጉልበትዎን አጥፈው አብረው ያስገቡ።

ወጌሻ ቢያሸኝስ?

አይሆንም። የወጌሻን እጅ ለመናቅ አይደለም። ወጌሻ የሚያውቀው የወለቀና የተጣመመ ነው፤ የእርስዎ ግን በክር የታሰረ ነው። እግር ቀጥ አድርጎ መሳብና ቋንጃን በአውራ ጣት መጫን ክሩን ከጅማቱ ይቀድደዋል። ያበጠ ባት ማሸት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በቅቤ መታሸት ከወደዱ ሌላው ሰውነት ይታሽ።

ጠባሳውን ግን ራስዎ ወይም አስታማሚዎ ማሸት ይችላሉ፤ ስፌቱ ከወጣና ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ። በጣት ጫፍ ቆዳውን ብቻ ግራና ቀኝ፣ ለ5 ደቂቃ።

ጠበል መጠመቅ?

የቆዳው ስፌት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። ቁስሉ ከመቀመጫው እጥፋት አጠገብ ስለሆነ ከሌላ ቦታ ይልቅ ለኢንፌክሽን ቅርብ ነው። ቆዳው እስኪዘጋ ውኃ፣ የትኛውም ውኃ፣ አይነካው። መጠጣት ይችላሉ።

ጾም፣ ስግደት፣ ሶላት?

ስለ ጾሙ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ሕመምተኛ ይፈቀድለታል። እጾማለሁ ካሉ ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛው መድኃኒት ነው፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ባዶ ሆድ ላይ ጨጓራ ያቆስላሉ። ሁለተኛው ፕሮቲን ነው። በማገገም ላይ ላለ ሰው በቀን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 96 ግራም ማለት ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወይም ባቄላ ወደ 25 ግራም ይሰጣል። ስለዚህ ስስ ሽሮ በአንድ ጭልፋ አይበቃም፤ ሽሮው ይወፍር፣ ምስር ወይም ባቄላ ይጨመርበት። የእንቅስቃሴውን ሰዓት ከምግብ በኋላ ያድርጉት።

ስግደት ከ3 ወር በፊት አይሞከር። ሲጀመር በወንበር ተደግፈው 3 ወይም 5፣ በየሳምንቱ እየጨመሩ። ቶሎ ብሎ 41 መስገድ ጡንቻው ያልተዘጋጀበት ሥራ ነው። ለሙስሊም ወገኖች ሩኩዕ ራሱ ዳሌ ታጥፎ ጉልበት የተዘረጋበት አቀማመጥ ስለሆነ ከሱጁድ ይልቅ የሚያሰጋው እሱ ነው። ለ3 ወር ሶላቱ ወንበር ላይ፣ በምልክት ይሁን።

መቼ ወደ ሥራ እመለሳለሁ?

እንደ ሥራዎ ነው። ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሣ። ቆሞ የሚያስተምር ወይም የሚሸጥ ወደ 3 ወር።

የቤት ሥራ ቀላል ተደርጎ ስለሚታይ እዚህ እንቆይ። በአጭር መጥረጊያ ቤት መጥረግ፣ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ ልብስ ማጠብ፣ ዝቅ ያለ ምጣድ ላይ እንጀራ መጋገር፤ ሦስቱም ጉልበት ቀጥ ብሎ ወገብ የሚታጠፍባቸው ናቸው። እናት ወደ ቤት ስትገባ «ጽዳቱን እንኳ ልሥራ» ማለቷ አይቀርም። እስከ 3 ወር የቤተሰቡ ሌላ ሰው ይሥራው፤ ከዚያ በኋላም ሳፋው ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፣ መጥረጊያው እንጨት ይታሰርለት።

ለገበሬው ማጭድ ከማረሻ ይቀድማል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። አጨዳ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ማለት ነው። ሁለቱም ከ6 ወር በኋላ፣ ያውም መጀመሪያ በግማሽ ቀን።

ኋላ ጭኔ ተኮማትሯል፤ ልለጥጠው?

እስከ 12ኛው ሳምንት እግርን ዘርግቶ መለጠጥ የለም። ሐኪሙ የሸሸውን ጅማት ስቦ ስላሰረው መጥበቁ የሚጠበቅ ነው። አብዛኛው በመራመድና በድልድዩ ይለቃል።

መሮጥና ኳስስ?

ሩጫ ብዙ ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር፣ ኳስ ከ6ኛው እስከ 9ኛው ወር ነው። ቀኑ ብቻውን ግን ፈቃድ አይሰጥም። ከመሮጥዎ በፊት ይህን ይሞክሩ፦ በጀርባ ተኝተው አንድ ተረከዝ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ወንበር ላይ ያሳርፉ፣ ጉልበትዎን በትንሹ አጥፈው ወገብዎን እስኪደክምዎ ያንሡና ያውርዱ፣ ይቁጠሩ። ከዚያ በሌላው እግር። ደህናው 25 ሠርቶ የተሠራው 15 ላይ ከቆመ ገና ነዎት። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ሲያንስ ይጀምሩ።

አጀማመሩ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እያሳለፉ ነው። ሜዳ ላይ ይሁን፤ ዳገት ዳሌን አጥፎ በቋንጃ መግፋት ስለሚጠይቅ ከሳሙና በር ሽቅብ መጀመር አይመከርም። የአዘዞ በኩል ሜዳው ይሻላል። ፍጥነት የሚጨመረው ያለ እረፍት 20 ደቂቃ መሮጥ ሲቻል ነው፤ መጀመሪያ የአቅምዎን 60 በመቶ፣ ከዚያ 70፣ 80። በሩጫ ቋንጃ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ አይቸኩሉ።

ለኳስ ተጫዋች አንድ እንቅስቃሴ አይቀርም። የታጠፈ ጋቢ ላይ ይንበርከኩ፣ ጓደኛዎ ቁርጭምጭሚትዎን ጠንክሮ ይያዝ፣ ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ ብለው ቀስ እያሉ ወደ ፊት ይውደቁ፣ መያዝ ሲያቅትዎ በእጅዎ መሬቱን ይቀበሉ። ከ5ኛው ወር በኋላ፣ በ3 ድግግሞሽ፣ 2 ዙር፣ በሳምንት አንድ ቀን ይጀመራል። በማግስቱ ጭንዎ ይታመማል፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይቀንሳል። ወገቡን አጥፎ የሚወድቅ ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

የምኖረው ደባርቅ ነው። ለፊዚዮቴራፒ በየጊዜው መመላለስ አልችልም።

100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀምጦ ተመላልሶ የሚገኝ ጥቅም ትንሽ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ስለሆነ ጎንደር ባለሙያ የሚገኝባት ከተማ ናት። የሚያዋጣው በ2ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ16ኛው ሳምንት መጥቶ የሚቀጥለውን ደረጃ መማር፣ በመሃሉ ቤት መሥራት ነው። እንቅስቃሴውን ሲማሩ አስታማሚው በስልክ ይቅረጸው። የኦፕሬሽን ወረቀቱን ኮፒ ይዘው ይምጡ፤ ስንት ጅማት እንደተሰፋ፣ ስፌቱ ተወጥሮ እንደሆነና ነርቩ ከጠባሳ እንደተላቀቀ ካልታወቀ ባለሙያው እየገመተ ነው የሚያሠራዎ። መንገድ ላይ በየሰዓቱ ወርደው 5 ደቂቃ ይራመዱ።

ጉዳቱ ከደረሰ ከወራት በኋላ ነው የተሠራልኝ። ልዩነት አለው?

አለው። ከመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በኋላ ጅማቱ ሸሽቶ ጠባሳ ስለሚይዘው ሐኪሙ ወጥሮ ለማሰር ይገደዳል፣ አንዳንዴም በሌላ ጅማት ያስረዝመዋል። ብሬሱ ይቆያል፣ እያንዳንዱ ደረጃ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይዘገያል።

ኋላ ጭኔና የእግሬ ጫፍ ይደነዝዛል። ምን ማለት ነው?

ትልቁ የእግር ነርቭ ከስፌቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው የሚያልፈው። በቁስሉ ዙሪያና በኋላ ጭን ላይ ትንሽ መደንዘዝ የተለመደ ነው፣ በወራት ይቀንሳል። የእግርዎን ጣቶች ወደ ላይ ማንሣት ካቃተዎ፣ ሲሄዱም እግሩ መሬት የሚጎትት ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬደው ምንድን ነው?

ባት ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲያም፣ በተለይ በአንድ እግር ብቻ። ትንፋሽ ሲያጥርና ደረት ሲወጋ፤ ይህ ሌሊትም ቢሆን። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል ወይም መጥፎ ሽታ። «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ኋላ ጭን ሲጠቁር ወይም ጡንቻው ወደ ታች ተሰብስቦ ጉብ ሲል። የደም ማቅጠኛ ከታዘዘልዎ ሕመም ስለሌለ ብለው አያቋርጡት፤ የታዘዘው ለሕመም አይደለም።

ጉልበቴ ሲሠራ ከቋንጃዬ ጅማት ወስደዋል። ይህ ሁሉ እኔን ይመለከታል?

አይመለከትዎም። ያ የጉልበት ኦፕሬሽን ነው፣ መቀመጫ አጥንቱ አልተነካም፤ የራሱ የተለየ ፕሮግራም አለው።

በ10ኛው ሳምንት የእህቴ ሠርግ አለ። መጨፈር እችላለሁ?

በትከሻ እስከፈለጉት። የጎንደር እስክስታ ትከሻ ላይ ስለሆነ እድለኛ ነዎት። ዝላዩ፣ በርከክ ብሎ መውረዱና ሙሽራ መሸከሙ ግን ለሌሎቹ ይተው፤ ጫማዎም የማያንሸራትት ሶል ይኑረው፣ ድንኳን ውስጥ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ውኃ ሲፈስበት ከጭቃ አይሻልም።